ልጄ ነስር እየፈሰሰው «ደሙ ረግቷል» እንዴት ይሉኛል?

ጥያቄው ይህ ነው፦

«የ5 ዓመት ተኩል ልጄ ክረምቱን መተሐራ አያቱ ጋ ከርሞ ለትምህርት መክፈቻ አራት ኪሎ ቤታችን ተመለሰ። በ9ኛው ቀን አተኮሰው። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ብርድ ነው ተባልን። በ4ኛው ቀን ሌሊት ራሱን ስቶ አንቀጠቀጠው። ሆስፒታል ስንደርስ ከባድ ወባ ነው አሉን። ፕሌትሌቱ 41 ነበር። በአፍንጫውም ደም ፈሰሰው። አንዱ ሐኪም ደሙ ትናንሽ ስሮች ውስጥ እየረጋ ነው አለኝ። ሌላው ደግሞ ደሙ ለመርጋት ተቸግሯል አለኝ። ማንን ልመን? ፕሌትሌት ይሰጠው ብዬ ብለምን አያስፈልገውም አሉኝ። ወንድሜ ከውጭ ደውሎ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለምን አይሰጡትም ይለኛል። አሁን ልጄ ነቅቷል፣ መብላትም ጀምሯል። እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ወደፊት ደም የመፍሰስ ችግር ይኖርበታል? ለገና አያቱ ጋ ብወስደውስ?»

እህቴ፣ እንኳን ልጅዎን እግዜር ማረልዎ። ሁለቱም ሐኪሞች ያሉዎት እውነት ነው። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ደም ነው፤ ቦታው ግን ይለያያል። በከባድ ወባ ጊዜ ደም መርጋት በሌለበት ቦታ ይረጋል። ለዚያም ማርጊያውን ይጨርሳል። ከዚያ መርጋት ያለበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ አፍንጫ ላይ፣ ያጥረዋል። ልጅዎን ያሰጋው ግን በዓይንዎ ያዩት የአፍንጫ ደም አልነበረም። ያሰጋው ያላዩት ነው።

ከወረቀቱ ልጀምር። ፕሌትሌት ደምን የሚያረጋው ጥቃቅኑ የደም ክፍል ነው። ሲቢሲ በሚባለው የደም ቆጠራ ወረቀት ላይ 41 ተብሎ የተጻፈው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 41,000 ማለት ነው። የጤናማ ልጅ ከ150,000 እስከ 450,000 ነው። ወላጅ ይህን ቁጥር ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ግን በወባ ጊዜ ፕሌትሌት መውረዱ እንደ ትኩሳቱ ሁሉ የተለመደ ነው። አብዛኛው የወባ ታማሚ ላይ ይወርዳል፤ ከባድ ባልሆነውም ወባ፣ ቫይቫክስ በሚባለውም ዓይነት። እኔማ ሳይወርድ ሲቀር ነው ወረቀቱን ደግሜ የማየው። አልፎ አልፎ ደግሞ ፕሌትሌቶቹ ብልቃጡ ውስጥ ይጣበቁና ማሽኑ ሳይቆጥራቸው ያልፋል። ስለዚህ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ሲል በማይክሮስኮፕ ይታይልኝ እላለሁ።

ቁጥሩ እንዲህ ይውረድ እንጂ የምር ደም መፍሰስ ብርቅ ነው። በከባድ ወባ ከተያዙ 100 ሰዎች መካከል ግልጽ የመድማት ችግር የሚገጥማቸው 5 እንኳ አይሞሉም።

ታዲያ ፕሌትሌቱ የት ገባ? ይህን ለመረዳት ጥገኛ ተሕዋሱ የሚሠራውን ማየት ያስፈልጋል። እኛ አገር በብዛት ያሉት ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ ናቸው። ልጅ ራሱን እስኪስት የሚያደርሰው ባብዛኛው ፋልሲፓረም ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ በ48 ሰዓት ያድጋል፣ ይባዛል፣ ሕዋሱን አፍርሶ ይወጣል። ሲያድግ ግን አንድ ችግር አለበት፤ ጣፊያ። ጣፊያችን የተበላሸ ቀይ ሕዋስ እየለቀመ የሚያስቀር ወንፊት ነው። ተሕዋሱ በዚያ ላለማለፍ ሲል የገባበትን ሕዋስ ሙጫ ይቀባዋል። ሕዋሱ ላይ ትናንሽ ጉብታዎች ይወጣሉ፤ ጉብታዎቹ ላይ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ይተክላል። ከዚያ ሕዋሱ ቀጫጭን ስሮች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። አንጎል ውስጥ፣ አንጀት ውስጥ፣ ሌላም ቦታ።

ለዚህ ነው ከጣት የተወሰደች ጠብታ ሁሉንም የማትናገረው። በማይክሮስኮፕ የሚታዩት ገና ልጅ እግር የሆኑት ናቸው። ያደጉት ስር ውስጥ ተጣብቀው ቀርተዋል። ላብራቶሪው «ጥቂት» ብሎ የጻፈለት ልጅ ኮማ ውስጥ ሆኖ የሚገኘውም ለዚህ ነው።

የድሮውን ዶሮ ማነቂያ የሚያውቅ የፒያሳ ሰው ቀሪውን ለመገመት አይቸገርም። በጠባቡ መተላለፊያ አንድ ሰው ዕቃ ይዞ ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ቀይ ሕዋስ ስፋቱ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ነው። በጣም ቀጭኑ ስር ከዚያ አይሰፋም፤ ሕዋሱ ራሱን እያጠፈ ነው የሚያልፈው። ግድግዳው ላይ አንድ ሕዋስ ከተለጠፈ ሌላው እየታከከ ያልፋል ወይም ይቆማል። ከቆመበት በታች ያለው የአንጎል ክፍል ኦክስጅንም ስኳርም ያጥረዋል።

አሁን ወደ መርጋቱ እንምጣ። የደም ስር ግድግዳ ዝም ያለ ቱቦ አይደለም። ደም ስር ውስጥ ሳለ እንዳይረጋ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ፍሬን አለው። ፍሬኑ ፕሮቲን ሲ ይባላል። ግድግዳው ላይ ሁለት መያዣዎች አሉ፤ አንዱ ትሮምቦሞዱሊን፣ ሌላው ኢፒሲአር። ደም የሚያረጋው፣ ትሮምቢን የተባለው ንጥረ ነገር የመጀመሪያውን መያዣ ሲነካ፣ ሁለተኛው የያዘው ፕሮቲን ሲ ይነሳና «በቃ» ይላል። መርጋቱ እዚያው ይቆማል። ግድግዳውም ይረጋጋል፣ ውኃ አያሾልክም።

በፈረንጆቹ 2013 ተመራማሪዎች ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ከከባድ ወባ ጋር የተያያዘው የተሕዋሱ ሙጫ የሚይዘው ይህንኑ ኢፒሲአርን ነው። ከስንቱ ነገር መርጦ ፍሬኑ የተሰቀለበትን መንጠቆ ይይዛል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ በማላዊ ብላንታየር በአንጎል ወባ የሞቱ ሕፃናትን አንጎል መርምሮ፣ ተሕዋሱ የተለጠፈባቸው ትናንሽ ስሮች ላይ ሁለቱም መያዣዎች መሳሳታቸውን አሳየ። የአንጎል ስሮች ደግሞ ከመጀመሪያውም እነዚህ መያዣዎች የሚያንሷቸው ናቸው። ወባ ብዙ ቦታ ተለጥፎ ሳለ አንጎል ላይ ለምን እንደሚብስ አንዱ መልስ ይህ ነው። ፍሬኑ ድሮም የሳሳበት ቦታ ላይ ፍሬኑን ይነጥቃል።

በዚህ ላይ የተቆጣው ግድግዳ ረጃጅም ክር የመሰለ ፕሮቲን ይለቃል። ቮን ዊለብራንድ ፋክተር ይባላል። በጤና ጊዜ አዳምትስ 13 የተባለ ኢንዛይም እየቆረጠ ያሳጥረዋል። በከባድ ወባ ጊዜ ክሩ ይበዛል፣ መቁረጫው ይቀንሳል። ፕሌትሌቶች በክሩ ላይ እንደ ዶቃ ይሰካሉ። የታመሙት ቀይ ሕዋሶችም በእነሱ ላይ ይጣበቃሉ። ከልጅዎ ፕሌትሌት ብዙው የገባው እዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሌላው ጣፊያ ውስጥ ቀርቷል። መቅኒው ማምረት አቁሞ አይደለም።

ፕሌትሌት ግን ጠላት እንዳይመስልዎ። ከታመመው ሕዋስ ጋር ተጣብቆ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ የሚገድል ንጥረ ነገር እንደሚለቅም ታውቋል። ይዋጋል፣ በዚያው ይጠፋል።

«በሽታው ውስጥ መርጋትም መድማትም አለ» ስል በቃል ብቻ አይደለም። የዓይን መመርመሪያውን ይዤ በአንጎል ወባ የተኛ ልጅ ዓይን ውስጥ ስመለከት ሁለቱንም ጎን ለጎን አገኛቸዋለሁ። ከዓይኑ ጀርባ ያለው ቀይ መጋረጃ እዚህም እዚያም ይነጣል፤ ደም ያልደረሰበት ቦታ ነው። አጠገቡ ደግሞ መሐሉ ነጭ የሆነ የደም ነጠብጣብ ይታያል። ስሩ ሲዘጋ ግድግዳው ይላላል፣ ደም በዙሪያው ይፈሳል። አንጎል ውስጥም እንዲሁ ነው፤ በመሐሉ የተዘጋች ትንሽ ስር፣ ዙሪያዋን ቀለበት የመሰለ ደም። ሁለቱ ሐኪሞችዎ የሚነግሩዎት ስለዚህች ቀለበት ነው። አንዱ መሐሏን፣ ሌላው ዙሪያዋን አይቶ።

የአፍንጫው ደምስ? ፕሌትሌቱ ሲያንስ ትንሿ ቁስል ሳትዘጋ ትቆያለች። ትኩሳት አፍንጫን ያደርቃል፣ ልጅም ይነካካል። አንዴ ፈስሶ ከቆመ ብዙ አያስጨንቀኝም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፦ ድድ ሲደማ፣ መርፌ የተወጋበት ቦታ አልቆም ሲል፣ ልጁ የቡና አተላ የመሰለ ነገር ሲያስታውክ፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ሲጠቁር። ያኔ የማርጊያው ሥርዓት በሙሉ ተዝረክርኳል ማለት ሊሆን ይችላል። ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚለኩት ፒቲ እና ፒቲቲ የሚባሉት ምርመራዎች ይረዝማሉ፤ እንደ ሁኔታው ፕሌትሌት፣ ፕላዝማ ወይም ቫይታሚን ኬ ይሰጣል። የኮካ ቀለም ያለው ሽንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያ ባብዛኛው የፈረሰው ቀይ ሕዋስ ቀለም ነው። እሱም ወዲያው ሐኪም ማየት አለበት።

ፕሌትሌት ለምን አልሰጡትም? የማይደማ ልጅ ላይ ቁጥር ለማስተካከል ብቻ መስጠት የረባ ጥቅም አላሳየም። የሚሰጠው ፕሌትሌት የሚሄደው ያው የመጀመሪያው ወደ ሄደበት ነው፤ ተሕዋሱ እስካለ ድረስ ክሩ ላይ ይሰካል። ሐኪሞችዎ የከለከሉዎት ቸልተኛ ሆነው አይደለም። ደም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፤ ያ ግን ለደም ማነስ ነው። ሂሞግሎቢኑ በጣም ወርዶ ልጁ ሲነጣና ሲያለከልክ ቀይ ሕዋስ ይሰጠዋል፤ ያኔ ከደም ባንክ የሚመጣው ከረጢት ነፍስ ነው።

ወንድምዎ ያሉት ደም ማቅጠኛ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ሐኪሞችም አስበውታል። «ደሙ እየረጋ ከሆነ ለምን አናቀጥነውም» ብለው ሄፓሪን ሞክረዋል። አልጠቀመም፤ ደም መፍሰስ አመጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለከባድ ወባ ሄፓሪንም ስቴሮይድም አይመክርም። አስፕሪን ለትኩሳተኛ ልጅ ጭራሽ አይሰጥም። አይቡፕሮፌንም ፕሌትሌቱ በወረደ ልጅ ላይ ይቅር። ሰፈር ውስጥ «አንዴ ይወጋና ትኩሳቱ ይውረድለት» እየተባለ የሚሰጠው የዲክሎፌናክ መርፌ ደግሞ በሁለት በኩል ይጎዳል፤ ፕሌትሌትን ያዳክማል፣ የተወጋው ጡንቻም ውስጥ ደም ይቋጥራል። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይበቃዋል።

ግድግዳውን የሚያድነው ተሕዋሱን ቶሎ መግደል ነው። ለዚያ ያለን ጥሩ መድኃኒት በደም ስር የሚሰጠው አርቴሱኔት ነው። በፈረንጆቹ 2010 ውጤቱ የወጣ ጥናት በ9 የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናትን አሳትፏል። በኩዊኒን ከታከሙት 10.9 በመቶ ሞቱ፤ በአርቴሱኔት ከታከሙት 8.5 በመቶ። በወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል። በአልጋ ሲቆጠር ግን ብዙ ልጅ ነው። የአርቴሱኔት መጠኑ ከ20 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ በኪሎ 3 ሚሊ ግራም ነው፤ ሲገባ፣ ከገባ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየቀኑ አንዴ፣ ልጁ በአፉ መዋጥ እስኪችል። አርቴሱኔት ከኩዊኒን የሚለይበት አንዱ ነገር ገና ያልተለጠፉትን ልጅ እግር ተሕዋሶችም መግደሉ ነው። ሳይለጠፉ ይሞታሉ። ስሩ ሳይዘጋ ይቀራል።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት በምሠራበት አንድ ሆስፒታል የ4 ዓመት ልጅ ተኝታ ነበር። ፕሌትሌቷ 19,000 ነው። ሁላችንም ደነገጥን። ከሰዓቱን በሙሉ ፕሌትሌት ፍለጋ ስልክ ላይ ዋልን። ልጅቷ ግን የትም አልደማችም። ሁለተኛው አርቴሱኔት 3 ሰዓት ዘገየ። የደም ስኳሯን ከጠዋት ጀምሮ የለካው የለም። አያቷ ከአልጋው ሥር ተነስተው «ዓይኗ ሌላ ሆነብኝ፣ ላቧም ቀዝቃዛ ነው» አሉን። ስኳሯን ስንለካ 28 ሆኖ አገኘነው፤ ከ40 በታች አደጋ ነው። ግሉኮስ ገባላት፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጣቴን ጨበጠች። ዳነች። ያዳኗት አያቷ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የወባ ልጅ አልጋ ጋ ስቆም ከወረቀቱ በፊት ልጁን አያለሁ። ነቅቷል? ይጠባል ወይም ይበላል? አተነፋፈሱ እንዴት ነው? ስኳሩ ስንት ነው? ፕሌትሌቱን የማየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እርስዎም «ነቅቷል፣ መብላት ጀምሯል» ብለው የጻፉልኝ ዓረፍተ ነገር ከ41 በላይ ብዙ ነግሮኛል።

ስለዚያ «ብርድ ነው» ስለተባለው ነገር ማለፍ አልችልም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ወባ በአመዛኙ የሚተላለፈው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ እዚህ መሐል ከተማ ልጅ ሲያተኩሰው ወባ ቶሎ ትዝ አይልም። ልጆቻችን ደግሞ ለወባ እንግዳ ናቸው። መተሐራ የሚያድግ ልጅ ደጋግሞ ታሞ ትንሽ መከላከያ ያበጅ ይሆናል፤ የአራት ኪሎ ልጅ ምንም የለውም። በ4 ቀን ውስጥ ከትኩሳት ወደ መንቀጥቀጥ የሄደው ለዚህ ነው። በፈረንጆቹ 2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። ወባ እንዲህ በሚበዛበት አገር መስቀል ሰሞን የመጣን ትኩሳት ሳይመረመር ማለፍ ያስቆጨኛል።

ፈጣኑ ምርመራ «ነጻ» ቢልም አይተማመኑበት። አገራችን ውስጥ ይህ ምርመራ የሚያነፍንፈውን ፕሮቲን የማያወጡ ፋልሲፓረሞች ተገኝተዋል። በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግስቱም ይደገም። በዚያው መስታወት ላይ ግርሻ ትኩሳትም ሊገኝ ይችላል። እሱም በቅማል የሚመጣ፣ ፕሌትሌት የሚያወርድና ነስር የሚያመጣ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።

ወደፊት ደም የመፍሰስ ችግር ይኖርበታል ወይ ላሉት፣ አይኖርበትም። ፕሌትሌት ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። መቅኒው ጤነኛ ነው፤ ሙጫው ሲጠፋ አዲሱ እየተተካ ባብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በኋላም ካልተመለሰ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ሐኪሞችዎ ነግረውዎት ከሆነ ይቅርታ። አርቴሱኔት ከወሰዱ ልጆች መካከል አንዳንዶቹ ከ1 ሳምንት እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ቀይ ሕዋሳቸው እንደገና ይፈርሳል። መድኃኒቱ ተሕዋሱን ገድሎ ሕዋሱን ያተርፈዋል፤ የተረፈው ሕዋስ ግን ዕድሜው ያጥራል፣ በአንድ ሰሞን ይረግፋል። ልጁ ድኖ እየተጫወተ ሳለ ከንፈሩና መዳፉ ሊነጣ፣ ዓይኑ ቢጫ ሊሆን፣ ሽንቱ ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ ሂሞግሎቢኑ ለ4 ሳምንት በየሳምንቱ ይለካ። ቀላል ምርመራ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮት አጠገብ አስቁመው መዳፉን ከራስዎ መዳፍ ጋር ያስተያዩ።

ከአርቴሱኔቱ በኋላ የሚዋጠውን የወባ ክኒን፣ ኮአርተሙን፣ ደግሞ 6ቱንም ጊዜ ይጨርስ። በባዶ ሆድ ሳይሆን ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር፤ ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ትምህርት ቤት ሲመለስ አስተማሪዋን ያነጋግሩ። አንቀጥቅጦታልና ለጥቂት ወራት ትኩረቱን፣ አነጋገሩን፣ እንቅልፉን ትመልከትልዎ። ለውጥ ካየች አምጡት።

ለገና አያቱን ማየት ይችላል። መጀመሪያ የ4ኛው ሳምንት ሂሞግሎቢን ይታይ። አንዴ መታመሙ ከሁለተኛው አያስጥለውም። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ አያቱ ቤት ካለም ቀዳዳ እንደሌለው እዩ፣ ጠርዙ ፍራሹ ሥር ይግባ። ልጁ ከመሸ ውጭ ሲሆን እጁና እግሩ ይሸፈን። ከመሄዳችሁ 2 ሳምንት ቀደም ብላችሁ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆን ሐኪሙን ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ካተኮሰው ግን እስከ ነገ አይጠብቁ። ክሊኒኩ በር ላይ «አተኮሰው» ከማለትዎ በፊት «መተሐራ ነበርን» ይበሉ።